ጸጋና ምግባር፤ ከቦሩ ሜዳ እስከ መተማ

የዐቢይ ጾም ሦስተኛው ሰንበት ምኵራብ ይባላል። በዚያች ዕለት በቅዳሴ ጊዜ የሚነበበውን ልብ ብሎ ለሚሰማ ሰው ነገሩ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ዲያቆኑ በመጀመሪያ ከሐዋርያው ከጳውሎስ መልእክት ለቈላስይስ ሰዎች የተጻፈውን ያነባል፤ ይህም በመብልና በመጠጥ፥ በበዓልና በሰንበት ምክንያት ማንም እንዳይፈርድባቸው፥ ሰው የሠራው የክልከላ ሥርዐትም እንዳያስራቸው የሚመክርበት ክፍል ነው። ቀጥሎ ንፍቅ ዲያቆኑ የያዕቆብን መልእክት ያነባል፤ ምግባር የተለየው ሃይማኖት ነፍስ ከተለየው በድን እንደማይሻል የሚያስረዳውን። ንፍቅ ካህኑም ከግብረ ሐዋርያት የመቶ አለቃውን የቆርኔሌዎስን ታሪክ ያሰማል፤ ይህ ሰው ገና ሳይጠመቅ ጸሎቱና ምጽዋቱ ወደ እግዚአብሔር ፊት ወጥቶለት ነበርና። በመጨረሻም በወንጌል ጌታችን ሻጮችንና ለዋጮችን ከቤተ መቅደስ ማስወጣቱ ይነበባል።

ይህን ግጻዌ የሠሩ አባቶች ጳውሎስና ያዕቆብ በአንድ ቀን፥ በአንድ ጉባኤ ፊት እንዲነበቡ ማድረጋቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በሌላው ዓለም እነዚህ ሁለት ሐዋርያት ተጣልተዋል እየተባለ ብዙ ወረቀት ተጽፏል፤ ብዙ ደምም ፈስሷል። በእኛ ዘንድ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ተከታትለው ይሰማሉ፤ ሕዝቡም ለሁለቱ እኩል ቆሞ ያዳምጣል።

በ1881 ዓ.ም. ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነበር። በባሕረ ሐሳብ ብናሰላው ጾመ ነነዌ የካቲት 5 ቀን፥ የዐቢይ ጾም መግቢያ የካቲት 19 ቀን ይውላል፤ ምኵራብም መጋቢት 2 ቀን እሑድ ይሆናል። ንጉሠ ነገሥት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመተማ ጦርነት መጋቢት 1 ቀን ቅዳሜ ቆስለው በማግሥቱ ያረፉት እንግዲህ በዚች ሰንበት ነው። በየአጥቢያው ጳውሎስና ያዕቆብ ሲነበቡ በቆላው በረሓ ንጉሡ ነፍሳቸውን ይሰጡ ነበር። ይህ መግጠም ከአጋጣሚ የሚያልፍ ምሥጢር አለው ብዬ አልከራከርም፤ ነገር ግን የሚያሳስብ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በዘመናቸው ስለ ጸጋ ልጅነት ጉባኤ ያስደረጉ፥ ሕዝብን በዐዋጅ ያስጠመቁ፥ በመጨረሻም ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ አገራቸው የሞቱ ንጉሥ ናቸው። ጸጋና ምግባር የሚገናኙበት ጥያቄ በአንድ ሰው ሕይወት እንዲህ ጎልቶ የታየበት ጊዜ በታሪካችን ብዙ አይገኝም።

የጥያቄው ሥር ይህ ነው። ጳውሎስ ለሮሜና ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ መዳን ስጦታ እንደ ሆነ፥ ሰውም በሠራው እንዳይመካ በእምነት እንደሚጸድቅ ያስተምራል። ያዕቆብ ደግሞ አብርሃም ልጁን ወደ መሠዊያው ባወጣ ጊዜ በሥራው ጸደቀ ይላል። የሚገርመው ሁለቱም ለምስክርነት የሚጠሩት ያንኑ አብርሃምን፥ የሚጠቅሱትም ያንኑ የኦሪት ቃል መሆኑ ነው። ነገር ግን ልብ ብለን ብናይ ጳውሎስ የሚናገረው አብርሃም ገና ሳይገረዝ፥ ይስሐቅም ገና ሳይወለድ ተስፋውን ስለ ተቀበለባት ሌሊት ነው፤ ያዕቆብ የሚናገረው ልጁ አድጎ እንጨት ተሸክሞ ወደ ተራራው ስለ ወጣባት ቀን ነው። በመካከላቸው ብዙ ዓመታት አሉ። አንደኛው ዘሩ የተዘራበትን፥ ሁለተኛው እህሉ የታጨደበትን ወራት ይናገራል፤ ዘሪና አጫጅም በአንድ እርሻ ላይ አይጣሉም። ደግሞ ጳውሎስ ራሱ ለኤፌሶን ሰዎች መዳን ስጦታ ነው ብሎ እስትንፋሱን ሳይመልስ የተፈጠርነው ለመልካም ሥራ መሆኑን ይጨምራል። መምህራኖቻችን ሃይማኖትን ከሥር፥ ምግባርን ከፍሬ እያመሳሰሉ፥ አለዚያም ሁለቱን በወፍ ሁለት ክንፎች እየመሰሉ የሚያስተምሩት ከዚህ ተነሥተው ነው።

በአውሮፓ ግን ነገሩ ወደ ሌላ መንገድ ሄደ። ማርቲን ሉተር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1522 አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ በመለሰ ጊዜ የያዕቆብን መልእክት ከጭድ አመሳስሎ አቃለለው፤ የሮም ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ በ1547 በትሬንት ጉባኤ በእምነት ብቻ የሚለውን ትምህርት አወገዘች። የሮም ካቶሊኮችና የሉተር ተከታዮች በዚህ ነገር የጋራ መግለጫ የፈረሙት ገና በ1999 ነው፤ ይህም ከአራት መቶ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በዚያ በክርክሩ ወራት፥ በ1534፥ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተርና ከባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር ተነጋግሯል። በምሥጢረ ሥላሴ ተስማምተው፥ ሉተርም የምስክርነት ደብዳቤ ጽፎለት በሰላም ተለያዩ። እኔ በዚያ ብገኝ ኖሮ ስለ ያዕቆብ መልእክት እንዲጠያየቁ በለመንኋቸው ነበር።

ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ዐፄ ገላውዴዎስ ስለዚሁ ነገር ብዕር አነሡ። የሮም መምህራን ኢትዮጵያውያንን እንደ አይሁድ ይገረዛሉ፥ ቅዳሜን ያከብራሉ፥ ስለዚህ በኦሪት ሥራ ይታመናሉ ብለው በከሰሷቸው ጊዜ ንጉሡ በ1547 ዓ.ም. መልስ ጻፉ። ግዝረት ለእኛ የአገር ልማድ ነው፥ በኢትዮጵያና በኖባ ሰዎች ፊታቸውን እንደሚበጡት ያለ ነው፥ ለጽድቅ ብለን የምናደርገው አይደለም አሉ፤ ጳውሎስንም ምስክር ጠሩ። ይህ አጭር ጽሑፍ ከአገራችን የሃይማኖት መጻሕፍት ሁሉ ስለ ሥራና ስለ ጸጋ በጥቂት ቃል ብዙ ነገር ካስቀመጡት አንዱ ነው። ንጉሡ የተነቀፉበትን ልማድ አልተዉም፤ ነገር ግን ከጽድቅ ሚዛን ላይ አንሥተው በልማድ ቦታው አኖሩት። የእኒህን ንጉሥ ፍጻሜ ኋላ እናነሣዋለን።

የሉተር ትምህርት ወራሾች ወደ ኢትዮጵያ ከመጡባቸው በሮች አንዷ መተማ ናት። መተማ በዚያ ዘመን የጠረፍ ገበያ ነበረች፤ ጥጥ፥ ቡና፥ ሰም፥ ከብት፥ አሳዛኝ በሆነ መንገድም ባሪያ ይሸጥባት ነበር። ነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ተክሩሮች ናቸው፤ አባቶቻቸው ከምዕራብ አፍሪካና ከዳርፉር ወደ መካ ለመሳለም ወጥተው በመንገድ የቀሩ ናቸው። ለአንድ ጽድቅ ሥራ የተጀመረ ጉዞ እዚያ ቆላ ላይ ከተማ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ሼኻቸውም ለግብፅ መንግሥትም ለሐበሻም እየገበረ በሁለቱ መካከል ይኖር ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. እዚያ በደረሰ ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስ ጭነው ወደ ሐበሻ የሚወጡ ሁለት የጀርመን ሚሲዮናውያን አግኝቷል፤ አንደኛው ቀጥቃጭ ሲሆን በቆላው ንዳድ ተይዞ እጅግ ተዳክሞ ነበር።

ቀጥቃጭ መሆኑ በድንገት አይደለም። በስዊስ አገር የክሪሾና ማኅበር ወደ ኢትዮጵያ የሚልካቸው ወንጌላውያን የእጅ ሥራ የሚያውቁ ነበሩ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ወደዱላቸው። ቤተ እስራኤልን እንዲያስተምሩ ሲፈቀድላቸው ያመነው ሰው ግን በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ ታዘዘ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተቀምጠው በመጀመሪያ ሠረገላና መንገድ፥ ኋላም መድፍ እንዲሠሩ ተገደዱ። ሰው በሥራው አይጸድቅም እያሉ ለማስተማር የመጡት ሰዎች ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ አቅልጠው ማፍሰሳቸውን ሳስብ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። መድፉ በብዙ ሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎተተ፤ ንጉሡንም አላዳናቸውም።

ወደ አገራችን ትምህርት እንመለስ። ጸጋ ከምግባር አስቀድሞ እንደሚመጣ ከመጽሐፍ ይልቅ አጉልቶ የሚያሳይ አንድ ሥርዐት በእያንዳንዱ ቤት አለ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀን፥ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ተጠምቀው ልጅነትን ይቀበላሉ። የአርባ ቀን ሕፃን ምን ጾሟል? ምንስ መጽውቷል? እናቱ አቅፋ አምጥታው፥ ክርስትና አባቱ ስለ እርሱ መልሶለት፥ እርሱ አልቅሶ ተመለሰ፤ ልጅነት ግን ተሰጠው። ምግባር የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ፥ ስጦታውን ከተቀበለ ሰው ነው።

በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን የሚነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክም እንዲሁ ነው። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው በሽተኛ ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ በፍርድ ቀን ነፍሶቹና ውሃው ተመዘኑ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ እንደ ገበያ ሒሳብ ይሰማዋል፤ ጥቂት ምጽዋት ብዙ ኀጢአት ይሽራል ብሎም ተጽናንቶ ይመለሳል። እንዲህ የሰማው ሰው ግማሹን አልሰማም። ውሃው በራሱ አልመዘነም፤ እመቤታችን ጥላዋን ባሳረፈችበት ጊዜ ነው የመዘነው። እንዲህም ሆኖ ውሃው ባይኖር ጥላዋ የሚያርፍበት ነገር ባልነበረ። እኔ በበኩሌ ጳውሎስና ያዕቆብ በአንድ ሚዛን ላይ የቆሙበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

እንግዲህ ወደ ቦሩ ሜዳ እንውጣ። በ1870 ዓ.ም. በግንቦት ወር ዐፄ ዮሐንስ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ይዘው በወሎ ቦሩ ሜዳ ላይ የሊቃውንት ጉባኤ አደረጉ። የክርክሩ ነገር ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ነው። በሸዋ የጸኑት የጸጋ ልጅ ባዮች፥ ሦስት ልደት የሚባሉት፥ ክርስቶስ በትስብእቱ በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት የጸጋ ልጅ ሆነ ይላሉ። ካራ የተባሉት ደግሞ በተዋሕዶ የባሕርይ ልጅ ነው እንጂ የጸጋ ልጅ አይባልም ይላሉ። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ደብዳቤም ቀርቦ ፍርዱ ለካራዎች ሆነ። እንቢ ያሉት ተቀጡ፤ ምላሳቸው የተቆረጠ እንደ ነበሩም የታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ስለ እኛ የተነገረ አንድ ነገር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሳይነሣ ይቀራል። ክርስቶስ የጸጋ ልጅ አይደለም፥ የባሕርይ ልጅ ነው የሚለው ትምህርት ወዲያው የጸጋ ልጆችስ እነማን ናቸው ብሎ ያስጠይቃል። መልሱም እኛ ነን። እርሱ በባሕርዩ ልጅ ስለ ሆነ እኛ በስጦታ ልጆች እንሆን ዘንድ ተቻለ። ስለዚህ የቦሩ ሜዳ ፍርድ በትክክል ቢጤን የሰው ልጅነት ከላይ የሚሰጥ፥ በጉልበት የማይወሰድ፥ በግብርም የማይከፈል መሆኑን የሚያጸና ፍርድ ነው።

በዚያው ጉባኤ ማግሥት የወጣው ዐዋጅ ግን ይህን ስጦታ በቀጠሮ አደረገው። ሌላ ትምህርት ለሚከተሉ ክርስቲያኖች ሁለት ዓመት፥ ለእስላሞች ሦስት ዓመት፥ በአገር ልማድ ለሚያመልኩት አምስት ዓመት ተቆረጠላቸው፤ ሹመት ያላቸው እስላሞች ወዲያው እንዲጠመቁ አለዚያም ሹመታቸውን እንዲለቁ ታዘዘ። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። ሌላው የወሎ መስፍን አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ሲባሉ ክርስትና ያነሧቸው ምኒልክ ናቸው። ሼኽ ጠልሐን የመሰሉት ግን በእንቢታ ጸንተው ሕዝብ አስነሡ፤ ከወሎና ከጎንደር እስላሞችም ጥቂት ያይደሉ ወደ ሱዳን ጠረፍ ተሰደዱ።

ንጉሡን በዛሬ ሚዛን ብቻ መመዘን ፍትሕ አይደለም። ሥራቸው ከተንኰል አልመጣም፤ ሰውነታቸው በጾም በጸሎት የተቀጣ ነበር። ከግብፅ ጋር በጉንደትና በጉራዕ የተዋጉ፥ አገራቸው ከሦስት ወገን የተከበበችባቸው ንጉሥ አንድ ሃይማኖት አንድ አገር ይሠራል ብለው ቢያስቡ የሚያስገርም አይደለም፤ በአውሮፓም ነገሥታት እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ራስ ሚካኤልም እስከ ዕለተ ሞታቸው ክርስቲያን ሆነው ኖረዋል፤ በአድዋም የወሎን ፈረሰኛ መርተዋል። ነገር ግን ጥምቀትን ያገኘ ሁሉ እንደ እርሳቸው አልሆነም። ቀን በቤተ ክርስቲያን ሌሊት በመስጊድ የሚሰግድ ሰው የፈጠረው ያ ዐዋጅ ነው፤ በዚያ ሰው ላይ ጸጋ እንደ ግብር ተጣለ፤ ምግባሩም ከፍርሀት የተከፈለ ግብር ሆነ። ጳውሎስ የተቃወመው ሥራ ይህ ነው፤ ያዕቆብም የፈለገው ሥራ ይህ አይደለም።

አሁን ደግሞ የዚህን ታሪክ ሌላ ፊት እንይ። በሱዳን መሐዲ ተነሥቶ የግብፅ ጦሮች በየምሽጉ ተከብበው ሳሉ ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከአድሚራል ሂዊት ጋር በአድዋ ውል ተዋዋሉ። ቦጎስ ይመለስላቸዋል፤ እርሳቸውም የተከበቡትን ግብፆች በአገራቸው በኩል ያወጣሉ። ከተከበቡት አንዱ በመተማ የነበረው ጦር ነው። በ1877 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት ወደ ቆላ ወርዶ ከበባውን ሰብሮ እነዚያን ሰዎች ሴቶችንና ልጆችን ጨምሮ አወጣቸው፤ በኢትዮጵያ በኩልም ወደ ምፅዋ ተሸኙ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በጉራዕ የተዋጓቸው የግብፅ ወታደሮች ናቸው፤ ሃይማኖታቸውም በቦሩ ሜዳ ዐዋጅ ቀጠሮ የተቆረጠለት ነው። ያለ ዋጋ የተደረገ ነገር አልነበረም፥ ውል ነበር። ቢሆንም ጠላት በተከበበ ጊዜ መጥቶ ማዳን በወንጌል የታወቀ ስም አለው።

የተከፈላቸው ዋጋ ግን ሌላ ሆነ። እንግሊዞች ጣልያን በዚያው በ1877 ዓ.ም. ምፅዋን ሲይዝ ዝም አሉ፤ መሐዲስቶችም፥ በእኛ አነጋገር ድርቡሾች፥ ግብፆችን ስላወጡ ኢትዮጵያን ጠላት አደረጓት። በ1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማ ላይ ድርቡሽን መቱ፤ በዓመቱ፥ በ1880 ዓ.ም. በጥምቀት ሰሞን፥ የድርቡሹ አዛዥ ሐምዳን አቡ ዓንጃ በደምቢያ ሳር ውሃ ላይ የንጉሡን ጦር ሰብሮ ጎንደር ገባ። ከተማዋ ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ፤ ሕዝብም ተማርኮ ወደ ሱዳን ተነዳ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ብቻዋን ከእሳቱ ተረፈች፤ የጎንደር ሰዎች የንብ መንጋ ተነሥቶ ጠበቃት ይላሉ። ነገሩን እንደ ተነገረ አኖርሁት። ጎንደሬዎች ስለ እነዚያ ንቦች ሲተርኩ ያ ጥበቃ በማን ጸሎት ወይም በማን ትሩፋት እንደ መጣ አይከራከሩም፤ ተሰጠን ብለው ይቀበሉታል።

ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ በሸዋና በጎጃም የተዶለተባቸውን አድማ ሰምተው ጎጃምን ወረሩ፤ ክርስቲያኑ ሠራዊት የክርስቲያኑን ገበሬ ጎተራ አራቆተ። ከዚህ በኋላ ልባቸው እንዳዘነ በሕዝብ ዘንድ የተነገረው ብዙ ነው። በዚያው ወራት ለአቡ ዓንጃ የሰላም ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ የሁለታችን ድኾች በከንቱ አይለቁ፥ ጠላታችን ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነው የሚል መንፈስ ያለው ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፉት የቦሩ ሜዳውን ዐዋጅ ያወጡት ንጉሥ መሆናቸውን አስቡ። አቡ ዓንጃ በስድብ መለሰ፤ ሃይማኖታቸውንም እንዲለውጡ ጠየቀ። ሰው በሌላው ላይ የቆረጠው ቀጠሮ በራሱ ላይ ሲመጣ ምን ይመስለው ይሆን?

ከዚያ በኋላ ወደ ሸዋ ወይስ ወደ መተማ የሚለው ምክር በንጉሡ ፊት ቆመ። ዙፋናቸውን ለማዳን ቢሹ መንገዱ ወደ ሸዋ ነበር። እርሳቸው ወደ መተማ ወረዱ። አቡ ዓንጃ በዚያ በጋ አልፎ ነበርና ዘኪ ጡመል በተካው ጦር ላይ መጋቢት 1 ቀን ገጠሙ። የኢትዮጵያ ሠራዊት በእሾህ የታጠረውን ዘሪባ ሰብሮ ገብቶ ድል በእጁ ሊሆን ሲል ንጉሡ በጥይት ተመቱ፤ ወሬው ሲሰማ ሠራዊቱ ተፈታ። ሬሳቸውን ይዘው ወደ ትግራይ ሲመለሱ ድርቡሾች በአትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱባቸው፤ ሽማግሌው ራስ አርአያ ከሬሳው አልለይም ብለው እዚያው ወደቁ። የንጉሡ ራስ ተቆርጦ ወደ ኡምዱርማን ወደ ኸሊፋው ተላከ።

እዚህ ላይ ዐፄ ገላውዴዎስን እናስታውስ። እርሳቸውም በመጋቢት ወር፥ በ1551 ዓ.ም.፥ በሰሙነ ሕማማት ከሐረሩ ኑር ጋር ሲዋጉ ወድቀው ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ። ሁለቱ ነገሥታት በሞታቸው እንደ መንትዮች ናቸው። በሕይወታቸው ግን አንደኛው የሃይማኖት ክርክር በመጣባቸው ጊዜ ጽፈው መለሱ፤ ሁለተኛው ዐዋጅ አወጁ። ገላውዴዎስ ስለ ጽድቅ በጻፉት መልስ ልማድን ከሚዛኑ አወጡ፤ ዮሐንስ በዐዋጃቸው ጥምቀትን ወደ ሚዛኑ አስገቡ። ሰማዕትነታቸው እኩል ሲነገር ይህ ልዩነት መረሳት የለበትም።

ስለ ዐፄ ዮሐንስ ፍጻሜ በሕዝባችን ሁለት ዓይነት ሒሳብ ሲነገር ሰምቻለሁ። አንዱ ወገን በመተማ የፈሰሰው ደም የቦሩ ሜዳንና የጎጃምን ዕዳ ከፈለ ይላል፤ ንጉሡ በሰማዕትነት ተሻሩ፥ ታጠቡም ይላል። ሌላው ወገን መተማ የቦሩ ሜዳ ቅጣት ነው፥ ያስገደዷቸው ሰዎች ወገኖች ቀን ጠብቀው ገደሏቸው ይላል። ሁለቱ የሚቃወሙ ይመስላሉ፤ ግን የሚጽፉበት መዝገብ አንድ ነው። ሁለቱም ገቢና ወጪ ያሰላሉ። የምኵራብ ወንጌል ከቤተ መቅደስ ያስወጣው እንዲህ ያለውን ለዋጭ አይደለምን? ንጉሡ ወደ መተማ የወረዱት ዕዳ ለመክፈል ነው ብንል ሞታቸውን እናሳንሰዋለን፤ ለመቀጣት ነው ብንልም እግዚአብሔርን የድርቡሽ ሹም እናደርገዋለን። ሕዝባቸው ተማርኮ፥ ጎንደር ተቃጥላ፥ በዙፋን ተቀምጦ ማየት ስላልቻሉ ወረዱ፤ የምናውቀው ይህን ነው። ከምንም ሒሳብ በፊት የመጣ ፍቅር ያደረገው ሥራ ነው፤ ጳውሎስም በፍቅር የሚሠራ እምነት ብሎ ለገላትያ ሰዎች የጻፈው ስለዚህ ያለው ነገር ይመስለኛል። የቦሩ ሜዳው ዐዋጅ በደልም በደል ሆኖ ይቆያል፤ መተማ አያጠፋውም፤ እርሱም መተማን አያጠፋትም።

በማቴዎስ ወንጌል ስለ መጨረሻው ፍርድ በተነገረው ክፍል ብዙ ሰባኪ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። በቀኝ የቆሙት የሠሩትን አያውቁም። ተርበህ ያበላንህ፥ እንግዳ ሆነህ የተቀበልንህ መቼ ነው ብለው ይደነግጣሉ። መዝገብ አልያዙም ነበር። በግራ የቆሙትም እንዲሁ ይደነቃሉ፤ እነዚያ ግን መቼ ቸል አልን የሚሉት ሒሳባቸው የሞላ መስሏቸው ነው። በዚያ ዙፋን ፊት ምግባር ይጠየቃል፤ የተጠየቀውም ምግባር ሠሪው የረሳው ነው።

በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች በገላባት በኩል ድንበር ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ሱዳናውያን ነበሩ፤ በዚያ አገር በሥራ የቆዩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ የሌላም አገር ሰዎች ነበሩ። ኋላ በምዕራብ ጎንደር ቆላ በኩመርና በአውላላ መጠለያ ተሠራላቸው። የንጉሡ ራስ በ1881 ዓ.ም. ወደ ኡምዱርማን በተወሰደበት አቅጣጫ፥ ከ134 ዓመት በኋላ፥ ከካርቱምና ከኡምዱርማን የሸሹ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው መጡ፤ የደረሱባትም የመጀመሪያዪቱ ከተማ በእርሳቸው ስም የምትጠራው መተማ ዮሐንስ ናት።